በጓሮዬ ላይ ያለፉ አውሮፕላኖች

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ደሞዝ የተከፈለኝ ሰማይ ሳይ ነው። ይህን ስል የሚስቁ አሉ፤ ይሳቁ። ድሮም ጎረቤቶቼ ጓሮዬ ውስጥ አንጋጥጬ ሲያዩኝ «የወይንሸት ሥራ ያስቀናል፣ ለአንገቷ ነው የሚከፈላት» ይሉ ነበር። እኔም ስቄ አልፋቸዋለሁ። እውነታቸውን ነበር።

ባለፈው ወር ጡረታ ወጣሁ። ባልደረቦቼ ኬክ አስቆረሱኝ፣ የወርቅ ቀለም ያለው ሰዓት ሰጡኝ። አለቃችን፣ ልጄ ሊሆን የሚችል ጎልማሳ ነው፣ ከወረቀት ላይ «ወይዘሮ ወይንሸት በአገልግሎት ዘመናቸው አንድም ስህተት ያልተገኘባቸው ሠራተኛ ናቸው» ብሎ አነበበ። አዳራሹ አጨበጨበ። እኔ ኬኩን ሳልጨርስ ሳህኑን አስቀመጥኩ።

አንድ ስህተት አለኝ። ስምም አለው፣ ሱቅም አለው፣ ከቤቴ በባጃጅ አሥር ደቂቃ ነው። ጭብጨባውን ተቀብዬ ቤቴ ገብቼ ልተኛ ሞከርኩ፣ አልሆነልኝም። ወደዚያ ከመድረሴ በፊት ግን ሥራው ምን ይመስል እንደነበር ልናገር፤ አሁን በመስታወት ቤት ውስጥ ኮምፒውተር ፊት የሚቀመጡት ልጆች ሲሰሙት ተረት ይመስላቸዋል።

የተወለድኩት እዚሁ ጅጅጋ ነው። አባቴ ከአድአ በኩል መጥቶ እህል ሲነግድ የቀረ ሰው ነበር። መንግሥት በተለወጠ ማግስት የሬዲዮ ሥልጠና ወስጄ በድሮው የአውሮፕላን ማረፊያ ሜዳ ተቀጠርኩ። ሜዳ የምለው ሜዳ ስለነበር ነው። አስፋልት የለው፣ አጥር የለው፤ በአንድ በኩል ጠጠር፣ በሌላው በኩል ጥቁር አፈር። አንድ የቆርቆሮ ክፍል፣ አንድ ጠረጴዛ፣ አንድ ሬዲዮ። ደሞዜን አልጠራውም። ባሌ ጌታሁን ልብስ ሰፊ ነው፤ የበዓል ሰሞን በአንድ ሳምንት የኔን የወር ይሠራ ነበር፣ ይህንንም ሳያስታውሰኝ አይውልም።

ቤታችን ከሜዳው ምዕራብ ጫፍ አጠገብ ስለነበር የሚያርፍ አውሮፕላን ሁሉ በጓሮዬ ላይ ነው የሚያልፈው። ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ጎመንና ሁለት የፓፓያ ዛፍ ነበሩኝ። አብራሪዎቹ አንድ ልማድ ነበራቸው፤ ከማረፋቸው በፊት ዝቅ ብለው ቤቴን አንድ ጊዜ ይዞሩታል። «መጥቻለሁ፣ ግመሎቹን አንሱልኝ» ማለታቸው ነው። ያኔ ዶሮዎቼ አጥር ሥር ይገባሉ፣ እኔ እጄን በቀሚሴ እየጠረግኩ ወደ ሬዲዮው እሮጣለሁ። ካፒቴን ስዩም የሚባል ተጫዋች አብራሪ ነበር፣ ገና ሳያርፍ በሬዲዮ «ወይንሸት፣ ቲማቲምሽ ቀልቷል፤ አንድ ኪሎ አዘጋጂልኝ» ይለኛል። አለቃዬ ይህን ሰምቶ ሬዲዮ የመንግሥት ንብረት ነው ብሎ ተቆጣኝ። በማግስቱ ግን ለራሱም ሁለት ኪሎ ጠየቀኝ።

የነፋሱን አቅጣጫ የምናይበት በእንጨት ላይ የሚሰቀል የሸራ ከረጢት ነበረን፤ እሱ ተቀዳዶ ያለቀ ጊዜ አዲስ እስኪላክልን ከመጠበቅ ብዬ ጌታሁንን ከድንኳን ሸራ እንዲሰፋልኝ ለመንኩት። ኮት ሰፊ ነውና ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፎ፣ ገበር ጨምሮ አሳምሮ ሰፋው። ከክብደቱ የተነሳ ነፋስ አላነሳው አለ። «ኪስ ብቻ ነው ያልሰፋህለት» አልኩት። ሦስት ቀን አኮረፈኝ፤ ከዚያ ገበሩን ፈቶ መለሰው። እስከዚያው የነፋሱን ነገር ለአብራሪዎቹ የምነግራቸው በጓሮዬ የተሰጣውን አንሶላ አይቼ ነበር።

ስንቱን አውሮፕላን አየሁ። በድርቅ ዘመን እህል የጫኑ ትልልቆች በላያችን አልፈው ወደ ደቡብ ይሄዱ ነበር፤ ድምፃቸው የቆርቆሮ ጣሪያዬን ያንቀጠቅጠዋል። አንበጣ የመጣ ዓመት መድኃኒት የምትረጨዋ ትንሿ አውሮፕላን ከፓፓያዬ ትንሽ ከፍ ብላ ስታልፍ የአብራሪውን ጢም አይቻለሁ። ማንም ምንም ይበል፣ እወዳቸዋለሁ። ዛሬም ድምፅ ስሰማ ወጥ ትቼ ነው የምወጣው።

ሥራውን ያስተማሩኝ ግን አብራሪዎቹም አለቆቼም አይደሉም፤ አደር ጉሌድ ናቸው። አደር በሱማሌ ወግ አጎት ማለት ነው፣ ከተማው ሁሉ እንደዚያ ነበር የሚጠራቸው። በደሞዝ መዝገብ ላይ የሜዳው ዘበኛ ናቸው። ዕድሜያቸውን ሲጠየቁ «ሜዳው ሲጠረግ ጎረምሳ ነበርኩ» ብለው ያልፉታል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ሲናገሩ ቃል የሚቆጥቡ ሰው ነበሩ። እኔን አባዮ ይሉኝ ነበር፣ እህቴ እንደማለት።

አደር ጉሌድ ጠዋት ጠዋት ሻይ ሳይቀምሱ ጫማቸውን አውልቀው በእጃቸው ይይዙና ሜዳውን ከጫፍ እስከ ጫፍ በባዶ እግር ይሄዱታል። መሄድ ብቻ ሃያ ደቂቃ ይፈጃል። ሃምሳ እርምጃ ያህል ሄደው ቆም ይላሉ፣ ተረከዛቸውን መሬቱ ላይ ይተክላሉ፣ ትንሽ ይወዘውዙታል፣ ይቀጥላሉ። የምሥራቁ ጫፍ ጥቁር ዋልካ ነው። ዋልካ ላዩ ደርቆ ውስጡ ገንፎ ሊሆን ይችላል፤ ዓይን ያልፈዋል፣ ተረከዝ ግን ያውቀዋል። ዝናብ የጣለ ዕለት ደግሞ ረጅም ዱላቸውን እየሰኩ ሁለት ጊዜ ይመላለሳሉ። ሌላ ሜዳ ላይ የሠሩ አብራሪዎች መጀመሪያ ይህ አልገባቸውም ነበር። «ሽማግሌው ሽርሽራቸውን ጨረሱ ወይ?» ብሎ በሬዲዮ ያላገጠ ነበር። እኔም አፍሬ እሳቸውን ላጣድፋቸው ስሞክር ዞር ብለው እንኳ አላዩኝም።

«ከሩቅ ሲያዩት ሜዳ ሁሉ ደረቅ ነው፣ አባዮ» አሉኝ ሲመለሱ። «ሄደሽ ጠይቂው። ሳትጠይቂው ስለሱ አትናገሪ።»

የጅጅጋን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ። አንዱን ሰፈር አጥቦ ቀጣዩን ሳይነካ ይሄዳል። አደር ጉሌድ «የግመሏን ራስ አርሶ ጭራዋን ይተዋል» ይሉ ነበር። ይህን ስንት ጊዜ እንደሰማሁ! የሰማሁትን መቁጠር ግን መማር አይደለም።

ሥራ በጀመርኩ በአራተኛው ዓመት፣ በበልጉ ዝናብ ወቅት፣ አደር ጉሌድ ዘመድ ሞቶባቸው ከቀትር በኋላ ለቀብር ወደ ሀርሺን ሄዱ። «ነገ እመለሳለሁ። አውሮፕላን አይመጣም፤ ከመጣ ሄደሽ እዪ» ብለውኝ ነበር። በማግስቱ ጠዋት ጓሮዬ ውስጥ ሽንኩርት ልተክል ስቆፍር አቧራው ፊቴን ሸፈነው። ሌሊቱን በጣሪያዬ ላይ አንዲት ጠብታ አልወረደችም። ያኔ አንድ ፒክአፕ መኪና ሜዳው ዳር መጥቶ ቆመ። ከብት ነጋዴው ሀጂ ኢስማኢል የሰባት ዓመት ልጁን ታቅፎ ወረደ። ሀምዲ ትባላለች። በዋዜማው ስትጫወት የአጥር እሾህ ዓይኗን ወግቷታል፤ ጭንቅላቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሐኪሙ ዛሬውኑ አዲስ አበባ ካልደረሰች ዓይኑ አይተርፍም ብሎታል።

ዕድል ሆኖ ካፒቴን ስዩም ባዶውን ከደቡብ እየተመለሰ ነበር። ጠርቼው ነገሩን ነገርኩት።

«እሺ፣ እወርዳለሁ» አለ። «ሜዳው እንዴት ነው? ነዳጄ እየዞርኩ ለመጠበቅ አይበቃኝም፤ አሁን ካልነገርሽኝ በቀጥታ ወደ ድሬዳዋ ነኝ።»

ሄጄ ለመመለስ አርባ ደቂቃ። ሀጂ ኢስማኢል በሩ ላይ ቆሞ ያየኛል፤ ልጅቷ ሸሚዙን ጨብጣ ደረቱ ላይ ተለጥፋለች። በመስኮት ጓሮዬን አየሁ፣ አቧራ። የማይክሮፎኑን ቁልፍ ተጫንኩና «ደረቅ ነው፣ ይምጡ» አልኩ።

መጣ። ጓሮዬን አልፎ ወረደ፣ ጠጠሩ ላይ እንደ ወትሮው ሮጠ። ዋልካው ጋ ሲደርስ አፍንጫው ጎንበስ አለ። የፊት ጎማው እስከ ወገቡ ገብቶ ቆመ፤ የሚሽከረከረው ፕሮፔለር ጭቃውን መትቶ ተጣመመ። ሰው አልተጎዳም። ሌሊቱን በምሥራቁ ጫፍ ላይ ብቻ ዝናብ ሲወርድ አድሮ ነበር። ካፒቴን ስዩም በጭቃ ተለውሶ በእግሩ መጣና «ጉሌድ የት ነው?» አለኝ። «ሀርሺን፣ ቀብር ሄደዋል» አልኩት። ሌላ አልጠየቀኝም። ከዚያ ቀን በኋላ ስለ ቲማቲሜም ተናግሮኝ አያውቅም።

ልጅቷን በፒክአፕ ወደ ሐረር፣ ከዚያ ወደ ድሬዳዋ ወሰዷት። አዲስ አበባ የደረሰችው በሦስተኛው ቀን ነው፤ አውሮፕላኑ ወደ ድሬዳዋ ሄዶ ቢሆን ኖሮ በዚያው ዕለት በመኪና ደርሳ ትሳፈርበት ነበር። ዓይኑ ወጣ። ቀድማ ብትደርስ ኖሮ ይተርፍ ነበር ወይ ብለው ሲጠይቁት ሐኪሙ «ምናልባት» አለ አሉ። ይህቺ «ምናልባት» ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳችኝ እኔ ነኝ የማውቀው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ እኔ ያፈሰስኩት የሚለቀም አልነበረም።

አደር ጉሌድ ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ተመለሱ። መጀመሪያ ጫማቸውን አውልቀው ሜዳውን ሄዱ፤ እስከ አውሮፕላኑ ደርሰው ተመለሱ። እኔ የቆርቆሮው ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነበር። «አልሄድኩም፣ አደር። ጓሮዬን አይቼ ነው የነገርኩት» አልኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ስጠብቅ እግራቸውን በጣሳ ውሃ አጠቡና አጠገቤ ተቀመጡ።

«የኔ ነው፣ ሜዳው በኔ እጅ ነው» አሉ። «ማለዳ ተመልሼ፣ ሳልረግጠው ከሩቅ አይቼ ደረቅ ነው አልኳት እላለሁ። አንቺ ዝም በዪ።»

«ለምን ይላሉ? ጥፋቱ የኔ ነው እኮ።»

«አንቺ እዚህ ጎሳ የለሽም፣ አባዮ። በኛ ዘንድ ጥፋት የአንድ ሰው ብቻ አይደለም፤ የወገኑ ሁሉ ነው፣ ተካፍለው ይሸከሙታል። ብቻውን ሰው ላይ ከወደቀ ይሰብረዋል። እኔ ተሸካሚ አለኝ።»

ሽማግሌዎቻቸውን ይዘው ወደ ሀጂ ኢስማኢል ቤት ሄዱ። ከዘመዶቻቸው ያገኟትን አንዲት የምትታለብ ግመል ለልጅቷ ወተት ብለው ነዱላት። «እኔም ልምጣ» ስላቸው «አንቺ ሬዲዮሽን ጠብቂ» አሉኝ። ጠበቅኩ። እውነቱን ልናገርና፣ ስላልወሰዱኝ ደስ ብሎኝ ነበር። ለመሥሪያ ቤቱም እንደዚያው ተናገሩ፤ የአንድ ወር ደሞዝ ተቀጡ። አለቃዬ ሪፖርቱን ጽፎ፣ ማኅተም አድርጎ ፋይሉን ዘጋው።

ከዚያ በኋላ በየጠዋቱ ሜዳውን አብሬያቸው እሄድ ጀመር፣ ጫማዬን አውልቄ። ጌታሁን ተረከዜ ተሰነጣጥቆ ሲያየው «ሚስቴን ግመል አደረጓት» ይል ነበር። የጎረቤት ሰው በዚህ ትጋቴ ሲያመሰግነኝ ግን መሸከም አልቻልኩም። ራሴ ጠይቄ ወደ አዲጋላ ተዛወርኩ። የባቡር ጣቢያው አጠገብ አንድ የሬዲዮ ክፍል ነበረች፤ ሥራዬ የአየሩን ሁኔታ በላያችን ለሚያልፉት መንገር ብቻ ነው። በአዲጋላ አውሮፕላን አያርፍም፣ ከፍ ብሎ ያልፋል። ለእኔ የሚስማማኝ ይሄ ነው ብዬ ነበር። ሁለት ዓመት ቆየሁ። ሙቀቱ ሳይሆን ጸጥታው መለሰኝ፤ ዝቅ ብሎ ጣሪያ የሚያንቀጠቅጥ ነገር ናፈቀኝ።

ከተመለስኩ በኋላ ከአደር ጉሌድ ጋር ብዙ ዓመት ሠራን። ስለዚያ ቀን ዳግም አንስተው አያውቁም። አዲሱ ማረፊያ ከከተማ ወጣ ብሎ ተሠርቶ አስፋልት ሲነጠፍለት ይዣቸው ሄድኩ፣ እንዲያዩት። ተረከዛቸውን አስፋልቱ ላይ ተክለው ወዘወዙት። «ይሄ አይናገርም» ብለው ሳቁ። በዚያው ዓመት ሞቱ። አልቅሼ አልወጣልኝም፤ አባቴ ሲሞት እንደዚያ አላለቀስኩም።

ሀምዲ አደገች። ገበያው መሐል የሴቶች ልብስ ሱቅ ከፈተች። ድራዕ የሚባለውን የሱማሌ ቀሚስ፣ ሻሽ፣ ሽቶ ትሸጣለች። እኔ በዚያ ሱቅ ፊት ላለማለፍ መንገድ እቀይር ነበር። ለልጄ ሠርግ ጨርቅ ያስፈለገኝ ጊዜ፣ ቆንጆው ያለው እሷ ጋ እንደሆነ እያወቅኩ፣ ሐረር ድረስ ሄጄ ገዛሁ።

እንግዲህ «አንድም ስህተት ያልተገኘባቸው» ተብሎ በተነበበልኝ በሳምንቱ ባጃጅ ተሳፍሬ ሄድኩ። ሀጂ ኢስማኢል አርጅተው በሱቁ በር ላይ በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠዋል። ሰላምታ ሰጥቻቸው አጠገባቸው ጎንበስ አልኩ። ውስጥ ሀምዲ ጨርቅ ታጥፋለች። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ጓሮውን፣ አቧራውን፣ ያልሄድኩትን አርባ ደቂቃ፣ አደር ጉሌድ ለእኔ ብለው የተናገሩትን።

ሽማግሌው መቁጠሪያቸውን እያንቀሳቀሱ እስከ መጨረሻ ሰሙኝ።

«ይሄን ልትነግሪኝ ነው የመጣሽው?» አሉ።

«አዎ፣ ሀጂ።»

«እናውቃለን። በዋዜማው ሀርሺን የተቀበረችው የኔ አክስት ናት፣ ለጉሌድ ወገን የተዳረች። እኔ በልጄ ምክንያት ቀረሁ እንጂ ወንድሜ ሄዷል፤ ጉሌድና እሱ አንድ ምንጣፍ ላይ አድረው፣ አብረው ነው ከሰዓት በኋላ የተመለሱት። ጉሌድ ሽማግሌ ይዞ መጥቶ ‹ሜዳውን ያየሁት እኔ ነኝ› ሲል ወንድሜ አጠገቤ ተቀምጧል። ውሸቱን ሁላችንም አወቅን። ወገን የሌላትን ሴት ጥፋት ተሸክሞ መጣ፣ እንዴት እንመልሰዋለን? የተቀበልነውም ያንቺን ጥፋት ካሳ ነው። የግመሏን ወተት ልጆቼ ጠጡ፣ አለቀ።»

እዚያው መንገድ ላይ አለቀስኩ። ሃያ ሁለት ዓመት የደበቅኩትን ከተማው ሁሉ ያውቀው ኖሯል፤ አውቀውም ሰላም ይሉኝ ነበር።

«ለአቦ አልቋል» የሚል ድምፅ ከውስጥ መጣ፤ አቦ አባት ማለት ነው። ሀምዲ ጨርቁን ትታ በሩ ላይ ቆማለች። ሻሿን በአንድ በኩል ዝቅ አድርጋ ነው የምታስረው። «አባቴ ታርቋል፣ ሽማግሌዎቹም ታርቀዋል። እኔን ግን ማንም አልጠየቀኝም። ልጅ ነበርኩ።»

ሀጂ ኢስማኢል በሱማሊኛ ሊያቋርጧት ሲሉ እጇን ትከሻቸው ላይ አሳርፋ ዝም አሰኘቻቸው።

«ልጠይቅሽ ነው የመጣሁት» አልኳት። «ሄጄ ማየት ነበረብኝ፣ አልሄድኩም። ይቅር በዪኝ፣ ሀምዲ።»

 ወንበር አውጥታ «ቁጭ በዪ፣ ኤዶ» አለችኝ፤ ለአክስት የሚባል ነው። እሷም ደጃፉ ላይ ተቀመጠች። 

«ያን ቀን ሁለቱንም ዓይኖቼን አስረውኝ ነበር» አለች። «ደህናው ከተንቀሳቀሰ የታመመውም አብሮ ይንቀሳቀሳል ብለው። ከዚያ በፊት አውሮፕላን በቅርብ አይቼ አላውቅም። አቦ ጭን ላይ ሆኜ ድምፁን ሰማሁ፣ በላዬ አለፈ። ለእኔ ነበር የመጣው። በኋላ ምን ይመስል ነበር ብዬ ስጠይቅ ሁሉም የሚነግረኝ ስለ ጭቃው ነው። አንቺ አይተሽዋል?»

«አይቼዋለሁ» አልኳት።

«እስቲ ንገሪኝ።»

ነገርኳት። ነጭ ነበር፣ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሰማያዊ መስመር ያለው። ከደቡብ በኩል መጀመሪያ ነጥብ ሆኖ ታየ፤ የካራማራ ተራራ ከኋላው ሆኖ ሲዞር ክንፉን አጋደለና ፀሐይዋ ሆዱ ላይ ወደቀች። የፓፓያዬ ቅጠሎች ተገለበጡ፣ ዶሮዎቼ አጥር ሥር ገቡ። ካፒቴኑ በመስኮቱ ወደ ታች ሲያይ፣ አንቺን ሲፈልግ፣ ፊቱን አይቼዋለሁ አልኳት። ጥላው ከፊቱ እየሮጠ በጣሪያዬ ላይ አለፈ፣ በአጥሩ አለፈ፣ በፒክአፑ ላይ፣ በአባትሽ ጭን ላይ፣ በአንቺም ላይ አለፈ።

ሀምዲ ደህናውን ዓይኗን ጨፍና ታዳምጠኝ ነበር።